ግግ የተባለው ጥርስ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከሩዝ ፍሬ እምብዛም ስለማትበልጥ ነገር፤ ስለ ሕፃን ልጅ የወተት ጥርስ። «ነገ ለሚወልቅ ጥርስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለው እንጂ! የሰው ልጅ በዚህች ጥርስ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሳሳት ኖሯል። ስሕተቱ የአንድ አገር ሰው ስሕተት ብቻ አይደለም። ግሪኩም፣ ፈረንሣዩም፣ እንግሊዙም፣ እኛም ተሳስተናል። በዚህም ብዙ ሕፃናት ሞተዋል።

በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ጥርሷን እንወቃት። ልጅ ሲወለድ ድዱ ባዶ ይመስላል። ባዶ ግን አይደለም። የወተት ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ሲወለድ 20ዎቹ ጥርሶች በድዱ ውስጥ ተሰውረው እያደጉ ናቸው። 10 ከላይ፣ 10 ከታች። ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ። ክራንቻ የምንላቸው ሹል ጥርሶች ግን የሚወጡት ልጁ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው። በ3 ዓመቱ ሁሉም ወጥተው ያልቃሉ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ አምስት ወይም ስድስት ወር ሲሆነው ክራንቻው ገና ከድዱ ሥር ነው። በዚያ ቦታ ድዱ አበጥ ይላል፤ ነጣ ይላል። በሽታ አይደለም። ጥርሱ ከውስጥ እያደገ ነው። ይህችን እብጠት አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር ሂፖክራተስ የሚባል ታላቅ ሐኪም ነበረ። በእርሱ ስም በሚታወቁት መጻሕፍት ውስጥ፣ ልጅ ጥርስ ሊያወጣ ሲል ድዱን እንደሚያሳክከው፣ እንደሚያተኩሰው፣ እንደሚያንቀጠቅጠው፣ ተቅማጥም እንደሚይዘው ተጽፏል። ጸሐፊው ያየውን ነው የጻፈው። በእርግጥም ልጆች በዚያ ዕድሜ ይታመማሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ነው? አውራ ዶሮ ሲጮህ ይነጋል። ታዲያ ያነጋው ዶሮው ነው?

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ለብዙ ዘመን እምብዛም አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት በፈረንሣይ አገር አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ስመ ጥር የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረ። አራት ነገሥታትን ያገለገለ ሰው ነው። የአንድ መስፍን ልጅ በ8 ወሩ ይሞታል። ምን እንደ ገደለው ፓሬ ይጠየቃል። ሬሳውን ቢመረምር ሌላ ምክንያት አጣበት። በመጨረሻ የሕፃኑን ድድ ሰንጥቆ ቢያይ፣ ጥርሶቹ ሊወጡ ተዘጋጅተው አገኛቸው። በቃ፣ ልጁን የገደለው ይህ ነው፤ በሕይወት ሳለ ድዱ ተበጥቶለት ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር ብሎ ደመደመ።

እስቲ አስቡት። የ8 ወር ጤነኛ ልጅም ድዱ ቢሰነጠቅ እኮ የሚገኘው ያው ጥርስ ነው!

ከዚያ ወዲህ ድድ መብጣት በአውሮፓ ትልቅ ሕክምና ሆነ። ልጅ ካተኮሰው ድዱን መብጣት፤ ካስቀመጠው መብጣት፤ ካንቀጠቀጠው መብጣት። የተማሩ ሐኪሞች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ምላጩም ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው ልጅ አፍ ይሄዳል። ስለ ረቂቅ ተሕዋስ፣ ማለትም በዓይን ስለማይታዩት በሽታ አምጪ ነፍሳት፣ ገና ማንም አያውቅም ነበር።

በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ ሰው ሲሞት የሞቱ ምክንያት በመዝገብ ይጻፍ ጀመር። መዝገቡ ዛሬም ይነበባል። በ1839 ዓመት ብቻ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት «በጥርስ ማውጣት» ሞቱ ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ዓመት ከአምስት ሺህ በላይ! እነዚያ ልጆች መሞታቸው እውነት ነው። የገደላቸው ግን ጥርስ አልነበረም።

ምን ነበር? ልጅ 6 ወር ሲሞላው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያ ኃይል እያለቀ ይሄዳል። ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ ይጀምራል። ይቀመጣል፣ ይድሃል፤ ያገኘውን ሁሉ አንስቶ ወደ አፉ ይከታል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ፣ ዕቃው በደንብ ካልታጠበ ተቅማጥ ይይዘዋል። ጥርሱም በዚያው ሰሞን ብቅ ይላል። ጥርሷ የምትታይ ናት። በውሃው ውስጥ ያለው ነፍስ አይታይም። ስለዚህ የምትታየዋ ተከሰሰች።

በ1854 በዚያው በለንደን ከተማ ኮሌራ ገብቶ ሕዝቡን ይፈጀው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ እያመለከተ፣ ብዙዎቹ ከአንድ የውሃ ፓምፕ የቀዱ መሆናቸውን አሳየ። የፓምፑ እጀታ እንዲነሣ ተደረገ። ውሃ እንደሚገድል ለማስረዳት ይህን ያህል ጣጣ ነበረው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ድድ መብጣቱ ወዲያው አልቀረም።

ቢላዋው እየቀረ ሲሄድ ደግሞ ዱቄት መጣ። እናቶች ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ የሚሰጡት ዱቄት ከየሱቁ ይገዙ ነበር። በዱቄቱ ውስጥ ባዜቃ ነበረበት። ባዜቃ ያው መርዝ ነው። አንዳንድ ልጆች እጅና እግራቸው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያቃጥላቸዋል፤ ብርሃን ማየት ይሳናቸዋል፤ ቀንና ሌሊት ያለቅሳሉ። ሐኪሞች ምክንያቱን ሳያውቁ ዓመታት አለፉ። በ1940ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች የታመሙትን ልጆች ሽንት አስመርምረው ባዜቃ አገኙበት። በ1954 የእንግሊዝ አገር ዱቄት ሠሪዎች ባዜቃውን ከዱቄቱ አወጡ። በሽታውም ጠፋ ማለት ይቻላል። እንግዲህ ይህ የሆነው አውሮፕላን በሰማይ በሚበርበት ዘመን ነው። «የጥንት ሰው አያውቅም ነበር» ብለን እንዳንታበይ ነው ይህን ማንሣቴ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ያችን እብጠት አስታወሳችኋት? እኛ ስም አወጣንላት። «ግግ» አልናት።

በብዙ የአገራችን ክፍል ልጅ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው፣ አያት ወይም ጎረቤት ድዱን ይዳስሳል። ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ ያበጠውንና የነጣውን ያገኛል። «ግግ ነው» ይባላል። ግግ የሚያወጣ አዋቂ ይፈለጋል። አዋቂውም በጥፍር፣ ወይም በወስፌ፣ በምስማር፣ በብስክሌት ጎማ ሽቦ ድዱን ቀድዶ ነጩን ነገር ያወጣዋል። ያ ነጭ ነገር ገና ያልጠነከረ፣ ለስለስ ያለ የጥርስ ቡቃያ ነው። ትል ይመስላል። ለእናትየዋ ይታያል፤ «ይኸው ትሉ!» ትባላለች። ዓይኗ ያየውን እንዴት አታምን?

ትሉ ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። ጥርስን ትል ይበላዋል የሚለው እምነት በባቢሎን አገር በሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ብዙ ሕዝብ ይህን ያምን ነበር። በእኛም አገር የአስተናግር ፍሬ በፍም ላይ አጢሶ የጥርስ ሕመምተኛን መታጠን የቆየ መድኃኒት ነው። በፈረንሣይ አገር በ1728 ስለ ጥርስ ትልቅ መጽሐፍ የጻፈው ፒየር ፎሻር፣ በማጉያ መነጽር ፈልጎ ትሉን እንዳጣው ጽፏል።

ግግ ማውጣት የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳም ይደረጋል። በታንዛንያ በ1980ዎቹ ዓመታት «የናይለን ጥርስ» የሚል ስም ወጥቶለት ብዙ ልጆች ተነቅለዋል። ስሙ አዲስ ነው። ነገሩ ግን ያው የፓሬ ነገር ነው።

«ግን እኮ ከወጣለት በኋላ ልጁ ይሻለዋል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ብዙ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማልና። ልጁ ግጉ ባይወጣለትም ይሻለው ነበር። ምስጋናውን ግን አዋቂው ይወስዳል። ልጁ የሞተ እንደሆነስ? «ዘግይታችሁ አመጣችሁት» ይባላል። በሁለቱም በኩል የሚረታው አዋቂው ነው።

ከራሴ ቤት ልንገራችሁ። ከእኔ በታች አንድ ወንድም ነበረኝ። ሰባት ወር ሆኖት ሳለ ያስቀምጠው ጀመር። ግግ የሚያወጡ አንዲት አሮጊት ተጠርተው መጡ። እኔ ልጅ ነበርኩና እግሩን ያዝ ተባልኩ። ያዝኩ። ደም በብዙ ፈሰሰው። ለሦስት ቀን ጡት እንቢ አለ። ከዚያ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ሰውነቱ እንደ ደጋን ተወጥሮ ሞተ። «ግጉ ቀድሞት ነው» ተባለ። መንጋጋ ቆልፍ ከቆሸሸ ብረት በቁስል በኩል እንደሚገባ እኔ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መጽሐፍ ማንበብ ስችል ነው። አሮጊቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። ገንዘብም አልተቀበሉ። እናቴም ልጅዋን ለማዳን ነው ያስያዘችኝ።

ጉዳቱ መንጋጋ ቆልፍ ብቻ አይደለም። ደም ይፈሳል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መግሉ ወደ ደም ይገባል። አንድ ብረት ለብዙ ልጅ ሲውል የደም በሽታ ያስተላልፋል፤ ኤች አይ ቪም ጭምር። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። የሚያስፈልገው ያለቀውን መመለስ ነበር። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ወደ ሕንድ በገቡ ስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ሲገባ፣ ሐኪሞች ስኳርና ጨው በንጹሕ ውሃ በጥብጠው እያጠጡ ብዙ ሕይወት አዳኑ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ ያው ነው። ጡቱም ሳይቋረጥ ይህን እየጠጣ ልጁ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲገባው፣ ቤተሰቡ ወደ ግግ አውጪ ይሄዳል።

ከዚህ ተርፎ ያደገውስ? የወተት ክራንቻው ቡቃያ አጠገብ ቋሚው ክራንቻ የሚሠራበት ቦታ አለ። ወስፌው ይህን አይለይም። በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ገብተው ነበር። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ልጆቹን ሲመረምሩ፣ ከብዙዎቹ አፍ ውስጥ የወተት ክራንቻ ጎድሎ አገኙ። በአንዳንዶቹም ቋሚው ጥርስ ተበላሽቶ በቅሎ ነበር። ጥናቱ በ1994 ታትሟል። እነዚህ ልጆች አገር ለቀው፣ ባሕር ተሻግረው ሄደዋል። የግጉ ጠባሳ ግን አብሯቸው ሄደ።

ይህን ልማድ ለማስቀረት በአገራችን የተደረገው ጥረትም ታሪክ ነው። በ1987 በጎጂ ልማዶች ላይ የሚሠራ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ተባለ። እንጥል መቁረጥንና ግግ ማውጣትን ከጎጂዎቹ ልማዶች ጋር ቆጥሮ ለሕዝብ አስተምሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ እናትን ወይም ሕፃንን የሚገድልና አካል የሚጎዳ ሰው እንደሚቀጣ ደነገገ። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚመስለኝ፣ ከሕጉ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየደጃፉ እየዞረች ድዱን አሳይታ «ይህ እኮ ጥርስ ነው» ማለቷ የበለጠ ይሠራል።

አንዱ ስሕተት ይህ ነው፤ ጥርሷን እንደ ጠላት ማየት። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ከንቱ ነገር ማየት ነው። «ወላቂ ናት፤ ብትበሰብስስ?» እንላለን።

ብትበሰብስ ብዙ ነገር ይበላሻል። የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ትጠብቃለች። የፊተኞቹ መውለቅ የሚጀምሩት በ6 ዓመት ገደማ ነው። የኋለኞቹ መንጋጋዎች ግን ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ይቆያሉ። አንዷ ያለ ጊዜዋ ከወጣች ጎረቤቶቿ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ጌታው ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ጥርሱም ጠማማ ሆኖ ይበቅላል። የበሰበሰው ጥርስ መግል ከያዘ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ጥርሱን የሚያመው ልጅ በደንብ አይበላም፤ አይተኛም።

ጥርስን ምን እንደሚያበሰብሰው በደንብ ያስረዳው በበርሊን ከተማ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር ነው። በ1890 በታተመው መጽሐፉ፣ በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከጥርስ ላይ የቀረውን ጣፋጭና የዱቄት ምግብ እያብላሉ አሲድ እንደሚያወጡ፣ አሲዱም ጥርሱን እንደሚሸረሽረው አሳየ። የወተት ጥርስ ልባሷ ስስ ስለሆነ በቶሎ ትቦረቦራለች።

ለዚህ ምስክር የሆነች አገር አለች። ኖርዌይ በ1940 በጀርመን ጦር ተያዘች። እስከ 1945 ድረስ ስኳር ጠፍቶ ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የተማሪዎችን አፍ ሲያዩ፣ በጦርነቱ ዓመታት የተበላሸው ጥርስ እየቀነሰ ሄደ። ሰላም ሲመጣ ስኳርም መጣ፤ የጥርሱም ብልሽት ተመለሰ።

በእኛ አገር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ። ከዚያ የሸዋ፣ ከዚያ የመተሐራ ፋብሪካ ተከተለ። ስኳር ሥራም ገንዘብም አምጥቷል፤ ቅድም እንዳልኩትም በውሃና በጨው ተበጥብጦ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ያድናል። ልጁ ሲያለቅስ ጡጦው ውስጥ ስኳር ጨምሮ አፉ ላይ አስተኝቶ መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ በስኳር ተነክሮ ያድራል። ማርም ቢሆን ያው ነው። ከዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ማር ከቶ አይሰጥም፤ በውስጡ ሕፃን የማይችለው በሽታ ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ለስላሳ የልጅ ብሩሽ ከተገኘ የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ታህል ይበቃል። ከፍ ሲልና እጁ ሲጠና መፋቂያም ያስለምዱታል። ድዱን ሲያሳክከው ንጹሕ ጣት በዝግታ ቢያሽለት ይበቃዋል። ጥርስ ሲያወጣ ልጋጉ ይበዛል፣ ይነጫነጫል፤ ይህ የጥርስ ነው። የበረታ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን የጥርስ አይደለምና ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ልጄ ስድስት ወር ሲሆናት እናቴ ልትጠይቀን ከገጠር መጥታ ነበር። ልጅቷን ታቅፋ ሳለች ድዷን ዳሰሰችና «ግግ አላት» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ጥርስ መሆኑን አስረዳኋት። አላመነችኝም፤ ግን ዝም አለች። ዓመት አልፎ ለጥምቀት ስትመጣ ልጅቷ እየሮጠች ተቀበለቻት። ከአያቷ እጅ ዳቦ ወስዳ ገመጠች። እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ ጣቷን በዚያው ቦታ አሳረፈች። ክራንቻው ወጥቶ ነበር። ጣቷን ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የወንድምህም ይኸው ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።